አንጎልና ሕብለ ሰረሰር

በአማርኛችን አንድን ሰው «ልብ በል» ስንለው «አስተውል» ማለታችን ነው። አስተዋይ ሰው «ልባም» ይባላል። የሰማነውን ነገር «በልቤ ይዤዋለሁ» እንላለን። ሐሳብ ከልብ ይወጣል ብሎ ያሰበው የእኛ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በመተማ ቆላ የሚወርደው የጓንግ ወንዝ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ወደ ግብፅ ይወርዳል። በዚያ አገር የጥንት ሰዎች የታላላቆቻቸውን ሬሳ እንዳይበሰብስ ሲያደርቁ፣ ልብን በክብር በደረት ውስጥ ይተዉት ነበር። አንጎልን ግን በአፍንጫ በኩል አውጥተው ይጥሉት ነበር።

ከዚያው ከግብፅ የተገኘ፣ ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የሐኪም ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ራሱን የተመታ ሰው እግሩን እየጎተተ እንደሚሄድ፣ የአንገቱ አጥንት የተናጋ ሰው እጅና እግሩ እንደማይሰማው ይገልጻል። እንግዲህ ያ የጥንት ሐኪም እውነቱን በዓይኑ አይቷል ማለት ነው። የልብ ሥራ ደም መርጨት ነው። የሚያስበው፣ የሚያስታውሰው፣ የሚያዝነውና የሚደሰተው፣ እጅን «አንሣ»፣ እግርን «ተራመድ» ብሎ የሚያዘው ግን አንጎል ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ምን እንደሚመስሉ፣ እንዴት እንደሚሠሩና በቆላው አገራችን ምን ምን እንደሚጎዳቸው እንመለከታለን። ይህን ማወቅ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ከዛፍ ሲወድቅ ወይም ሕፃን በትኩሳት ሲንዘፈዘፍ፣ ሐኪም ከመድረሱ በፊት አጠገቡ የምንገኘው እኛው ነን።

የአንጎል ቤት

በግ ወይም ፍየል ያረደ ሰው አንጎል ምን እንደሚመስል ያውቃል። እንደ ረጋ እርጎ ለስላሳ፣ ላዩ የተጨማደደ ነገር ነው። የሰው አንጎልም መልኩ ይኸው ነው። ግን ከበጉ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ መጨማደዱም የበዛ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው አንጎል 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል።

እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ጠንካራ ቤት ያስፈልገዋል። ቤቱ የራስ ቅል ነው። አንጎልን ከብቦ የሚይዘው የራስ ቅል ከ8 አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። በሕፃን ላይ እነዚህ አጥንቶች ገና አልገጠሙም። በሕፃኑ አናት ላይ ትር ትር የምትለው፣ እርግብግቢት የምንላት ስስ ቦታ አጥንቶቹ ያልተገናኙባት ናት። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆነው ትገጥማለች። እናቶች ይህችን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ። ልጁን ተቅማጥ ይዞት ከሰውነቱ ውሃ ሲያልቅ ትጎደጉዳለች። ትኩሳት ይዞት እርግብግቢቱ ካበጠችና ከተወጠረች ደግሞ ትልቅ አደጋ አለ ማለት ነው። በሁለቱም ጊዜ ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው እንጂ ነገ ይሻለዋል ብሎ ማሳደር አይገባም።

ከአጥንቱ በታች አንጎልን የሚሸፍኑ ሦስት ሽፋኖች አሉ። የላይኛው እንደ ቆዳ ጠንካራ ነው። መካከለኛው እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነው። የታችኛው ከአንጎሉ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። በመካከለኛውና በታችኛው ሽፋን መካከል ደግሞ ጥርት ያለ ውሃ አለ። ይህ ውሃ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ሁሉ ቢጠራቀም ሁለት የቡና ስኒ ያህል ይሆናል። እንቁላል ገበያ ስንወስድ እንዳይሰበር ጭድ ውስጥ እንደምናስቀምጠው ሁሉ፣ አንጎልም በዚህ ውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ትንሽ መናወጥ አይጎዳውም።

የአንጎል ክፍሎች

አንጎል ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

አንደኛው ትልቁ አንጎል ነው። የራስ ቅልን አብዛኛውን ክፍል የሚሞላው እሱ ነው። እንደ ተፈለጠ ባቄላ ቀኝና ግራ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። የሚያስገርመው ግን የቀኙ ክፍል የሚያዘው ግራ እጅንና ግራ እግርን ነው፤ የግራው ክፍል ደግሞ ቀኙን ያዛል። ስለዚህ የግራ አንጎሉ ደም ሥር የተዘጋበት ወይም የፈነዳበት ሰው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ይዝላል። ብዙ ጊዜ አንደበቱም ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ለብዙ ዓመታት መናገር የተሳነው አንድ ሰው ሲሞት አንጎሉን መረመረ። የተበላሸውም በግራ በኩል ወደ ግንባሩ የሚጠጋው ቦታ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የአንጎል ቦታ የራሱ ሥራ እንዳለው እየታወቀ ሄደ።

ከግንባር በስተኋላ ያለው ቦታ የሚያመዛዝን፣ የሚያቅድና ራስን የሚገታ ነው። «ሰሊጡ ደርሷል፤ ዛሬ ካላጨድነው ፍሬው ይረግፋል፤ ሠራተኛ ከየት እናምጣ?» ብሎ የሚያወጣና የሚያወርደው እሱ ነው። በአናት በኩል ያለው ሙቀትንና ብርድን፣ መነካትንና መወጋትን ይለያል። በጆሮ ግንድ አቅጣጫ ያለው ለመስማትና ለማስታወስ ያገለግላል። የማየት ሥራ የሚሠራው ደግሞ ከራስ በስተኋላ ነው። ዓይን ብርሃንን ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ ያየነውን «ይህ በሬ ነው፣ ይህ ጥላ ነው» ብሎ የሚለየው የኋላው አንጎል ነው።

ሁለተኛው ትንሹ አንጎል ነው። ከኋላ ከማጅራት ከፍ ብሎ ይገኛል። ሥራው ሚዛን መጠበቅና እንቅስቃሴን ማስተካከል ነው። ሴት እንስራ አዝላ በቀጭን መንገድ ስትሄድ ወይም ገበሬ በትልሙ ላይ እርፍና ጅራፍ ይዞ ሲራመድ ሰውነታቸውን የሚያስማማው ትንሹ አንጎል ነው። አረቄ የበዛበት ሰው የሚንገዳገደው አረቄው ይህን ክፍል ስለሚያደነዝዘው ነው።

ሦስተኛው የአንጎል ግንድ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ሆኖ አንጎልን ከሕብለ ሰረሰር ጋር ያያይዛል። ትንሽ ነው ብለን አንናቀው። ተኝተን ሳለን የሚያስተነፍሰን፣ የልብን አመታት የሚቆጣጠረው እሱ ነው። እሱ ክፉኛ ከተጎዳ ሰው ወዲያው ሊሞት ይችላል።

አንጎል በክብደት ከመላው ሰውነታችን ከ50 እጅ አንዱን ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም ከምንስበው አየር ውስጥ ለሰውነት ከሚጠቅመው ኦክሲጅን ከ5 እጅ አንዱን ለብቻው ይጨርሳል። ደም መድረሱ ከቆመበት ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል።

ሕብለ ሰረሰር

«ሕብል» ማለት ገመድ ማለት ነው። ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ገመድ መሰል ነገር ነው። ውፍረቱ ትንሿን ጣት ያህላል። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለት አንድ ክንድ ያህል ነው። አከርካሪም አጥንቶቹ እንደ ዶቃ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩበት ነው። ከእነዚህ አጥንቶች ተለያይተው የሚንቀሳቀሱት 24 ናቸው፤ 7 በአንገት፣ 12 በጀርባ፣ 5 በወገብ። ከእነሱ በታች ያሉት እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ገመዱ የሚያልፈው በዶቃዎቹ ቀዳዳ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

አንዳንድ ሰው ይህን ገመድ ቅልጥም ሰብረን ከምንመጠው መቅኔ ጋር ያምታታዋል። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። መቅኔ በአጥንት ሆድ ውስጥ ይገኛል፤ ሥራውም ደም መሥራት ነው። ሕብለ ሰረሰር ግን የአንጎል ቅጥያ ነው፤ ሥራውም መልእክት ማመላለስ ነው። ከእሱ ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች እየወጡ ወደ እጅ፣ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድና ወደ እግር ይሄዳሉ።

ነገሩን በመንገድ እንመስለው። ከጎንደር የተነሣ መኪና አይከልን አልፎ፣ ገንዳ ውሃ ገብቶ፣ ኮኪትን አቋርጦ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ኮኪት ላይ መንገዱ ቢቆረጥ የሚቸገረው መተማ ዮሐንስ ነው፤ ገንዳ ውሃ ምንም አይሆንም። አይከል ላይ ቢቆረጥ ግን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጭነት ያጣል። ሕብለ ሰረሰርም እንዲሁ ነው። ወገብ አካባቢ የተጎዳ ሰው እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሽንቱንም መቆጣጠር ያቅተዋል፤ እጁ ግን ይሠራል። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ግን እጁም እግሩም ይያዛል። ጉዳቱ አንገቱ ላይኛው ክፍል ላይ ከሆነ መተንፈስም ያቅተዋል።

በመንገድና በሕብለ ሰረሰር መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የተቆረጠ መንገድ ይጠገናል። የተቆረጠ ቆዳ ይሽራል፤ የተሰበረ አጥንትም ይገጥማል። የተቆረጠ ሕብለ ሰረሰር ግን እስከ ዛሬ መልሶ የሚቀጥለው መድኃኒት አልተገኘም።

መልእክቱ እንዴት ይሄዳል?

እጃችን የጋለ ምጣድ ሲነካ መጀመሪያ እናሸሸዋለን፤ «አቃጠለኝ» የምንለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። መልእክቱ ከጣት ተነሥቶ ሕብለ ሰረሰር ሲደርስ፣ ሕብለ ሰረሰር አንጎልን ሳይጠይቅ ለእጅ «ሽሽ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ወሬው አንጎል የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ቆይቶ ስንል ግን ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው። ፈጣኖቹ ነርቮች በአንድ ሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ መልእክት ያደርሳሉ።

ዶሮ ስናርድም ይህንኑ እናያለን። አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ዶሮዋ ትፈራገጣለች፤ አንዳንዴም ተነሥታ ትሮጣለች። ይህ ነፍስ ስላላት ወይም ስለሚያማት አይደለም። አንጎሏ ቢለይም ሕብለ ሰረሰሯ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ለክንፍና ለእግር ትእዛዝ ስለሚሰጥ ነው።

ከላይ የወደቀን ሰው እንዴት እናንሣ?

በእኛ አገር ሰው ከዛፍ ይወድቃል፤ ሰሊጥና ማሽላ ከጫነ መኪና ላይ ይወድቃል፤ መኪና ይገለበጥበታል። ያን ጊዜ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ እጁን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ያነሡታል። «ተነሥ፣ አይዞህ» ብለው ያስቀምጡታል፤ ውሃም ያጠጡታል። ይህን የሚያደርጉት ከደግነት ነው። ሆኖም አጥንቱ ተሰብሮ ገመዱ ገና ያልተቆረጠ ከሆነ፣ በዚያች በማንሣት ሰዓት ስለቱ ገመዱን ሊቆርጠው ይችላል። በእግሩ ሊሄድ የሚችል የነበረ ሰው ዕድሜ ልኩን አልጋ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንያዝ።

1ኛ/ እሳት፣ ጎርፍ ወይም መኪና የሚያሰጋው ካልሆነ በስተቀር ካለበት አናንቀሳቅሰው። አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይያዝለት፤ እንዳይዞር ይንገረው።

2ኛ/ «ጣትህን አንቀሳቅስ፤ እዚህ ስነካህ ይሰማሃል?» ብለን እንጠይቀው። የእጁንም የእግሩንም ጣት እናስሞክረው። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እግሩ ከደነዘዘው ወይም ራሱን ከሳተ፣ አከርካሪው ተጎድቷል ብለን እንያዘው።

3ኛ/ የምንሸከመው በመደብ ሳንቃ፣ በተነቀለ በር ወይም በጠንካራ ቃሬዛ ነው። በጋቢ ተሸክሞ መሄድ ወይም በበቅሎ ላይ ማስቀመጥ አከርካሪውን ያጥፈዋል። አራት ወይም አምስት ሰው ሆነን፣ ራሱን የያዘው ሰው «አሁን» ሲል፣ እንደ አንድ ግንድ እናገላብጠውና ሳንቃውን ከሥሩ እናስገባ። የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ግራና ቀኝ እናድርግ፤ ከሳንቃውም ጋር እንሰረው።

4ኛ/ ካስታወከ ትንታ እንዳይገድለው መላ ሰውነቱን አንድ ላይ በጎኑ እናዙረው።

5ኛ/ ራሱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስታወከው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ከጆሮው ጥርት ያለ ውሃ ወይም ደም ከወረደው፣ በራስ ቅሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የራስ ቅል እንደ ሆድ አይለጠጥም። የፈሰሰው ደም አንጎሉን ይጫነዋል። «ይተኛ፣ ይሻለዋል» ማለት አደገኛ ነው።

በአገራችን የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሐኪሞቹ ለአገሩ ስፋት አሁንም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከጫካ እስከ ጤና ጣቢያ ያለው አያያዝ የእኛ የራሳችን ሥራ ነው።

ማጅራት ገትር

የዚህ በሽታ ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል። ማጅራትን ይገትራል። ቀደም ብለን የገለጽናቸው የአንጎል ሽፋኖች በተሕዋስያን ሲቆጡ የሚመጣ በሽታ ነው። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክና ብርሃን መጥላት ይታያል። በሽተኛው አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት ያቅተዋል።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች ይህ በሽታ በበጋ እየተነሣ የሚያጠቃቸው ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጎድቷል። «ኤ» የተባለውን የበሽታውን ዓይነት የሚከላከል ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆነ ሰዎች በዙር ተሰጥቷል። ሆኖም በሽታው ሌሎች ዓይነቶችም ስላሉት፣ «ተከትቤአለሁ» ብሎ ምልክቱን ችላ ማለት አይገባም። የሚተላለፈው በሳልና በምራቅ ነው። የቀን ሠራተኞች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ዳስ ውስጥ ቶሎ ይዛመታል።

በሽታው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ሐኪም በሽታውን ለማረጋገጥ ከወገብ በኩል በመርፌ ጥቂት ውሃ ይቀዳል። ብዙ ቤተሰብ «ከጀርባው ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» ብሎ በሽተኛውን ይዞ ይጠፋል። እዚህ ላይ የተማርነውን እናስታውስ። ሕብለ ሰረሰር አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ አከርካሪ ግን ከእሱ ይረዝማል። ገመዱ የሚያልቀው ከጎድን አጥንቶች ዝቅ ብሎ፣ የወገብ መጀመሪያ ላይ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። በዚያ ቦታ ያሉት በውሃ ውስጥ የሚዋኙ ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ መርፌ ሲመጣ ገለል ይላሉ። ሽባ የሚያደርገው፣ የሚያደነቁረውና የሚገድለው ሳይታከም የቀረው በሽታ ነው።

ወባና የበጋ ሙቀት

የቆላ ወባ አንዳንዴ ወደ አንጎል ይዘልቃል። ተሕዋስያኑ ያሉባቸው የደም ክፍሎች በአንጎል ቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጥ ተጣብቀው መንገድ ይዘጋሉ። ልጁ ይቃዣል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ራሱን ይስታል። ይህን ልክፍት ነው ብሎ ቤት ማስቀመጥ ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው። በጎኑ አስተኝተን፣ ምንም ሳናጎርሰው ወደ ሐኪም እናድርሰው።

የሰውነትን ሙቀት የሚመጥነውም አንጎል ነው። ሲሞቀን «ላብ አውጣ» ብሎ ያዛል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ያለ ጥላና ያለ ውሃ የሚሠራ ሰው ይህ ሚዛን ሊዛባበት ይችላል። ቆዳው ይግላል፣ ይዘባርቃል፣ ይወድቃል። ወዲያው ወደ ጥላ እንውሰደው፤ ልብሱን አላልተን ውሃ እያፈሰስን እናራግበው፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። ከደጋ አዲስ የወረደ ሠራተኛ ሰውነቱ ሙቀቱን አልለመደምና በመጀመሪያው ሳምንት ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠው።

የሚጥል በሽታ

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጣም ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ድንገት ሲናወጥ ሰው ይወድቃል፤ ይንፈራገጣል። በሽታው የአንጎል በሽታ ነው። በአረፋ ወይም በመንካት አይተላለፍም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም፤ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባትም ጥርሱን ይሰብረዋል። ከእሳትና ከውሃ አርቀን፣ በጎኑ አስተኝተን፣ እስኪነቃ አጠገቡ እንቆይ። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ አብዛኛው ሰው እንደ ጤነኛ ይሠራል፤ ያርሳል፤ ልጅም ያሳድጋል።

ለማጠቃለል ያህል፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በአጥንት፣ በሽፋንና በውሃ የሚጠበቁት አንዴ ከተበላሹ የሚተኩ ስላልሆኑ ነው። እኛም የአራተኛ ጠባቂነት ድርሻ አለን። በየመንደሩ አንድ ሳንቃ ወይም ቃሬዛ ተሠርቶ ይቀመጥ፤ የት እንዳለም ሁሉም ይወቀው። ማንበብ የቻልን ሰዎች ደግሞ ይህን ጽሑፍ ላልተማረ ጎረቤታችን እናንብብለት። ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ በመኪና ላይ የሚጫነው እሱም ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የዛለበት ሰው የተጎዳው የትኛው የአንጎል ክፍሉ ነው?
2. መቅኔና ሕብለ ሰረሰር በምን ይለያያሉ?
3. ከዛፍ የወደቀን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ማንሣት ለምን ይጎዳል?
4. ከወገብ የሚቀዳው ውሃ ሽባ የማያደርገው ለምንድን ነው?
5. በመንደራችሁ ሰው ቢወድቅ ቃሬዛ የሚሆን ነገር ከማን ቤት ይገኛል? ተነጋገሩበት።